የጉማራ ጠጠርና የመቶ ዓመት ስሌት

ጣና ላይ ግድብ ከመሠራቱ በፊት የግድቡ ሐሳብ ብቻውን መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ኖሯል። በግንቦት 1902 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከብሪታንያ ጋር የሱዳንን ወሰን በተመለከተ የተፈራረሙት ውል ሦስተኛ አንቀጽ፣ ከብሪታንያና ከሱዳን መንግሥት ጋር ስምምነት ሳይኖር በዓባይ፣ በጣና ወይም በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ይላል። ከዚያ ወዲህ ሐይቁን ለመለካት ያልመጣ የለም። እንግሊዞች፣ ግብጾች፣ አሜሪካኖች፣ ጣልያኖች፣ በመጨረሻም የራሳችን መሐንዲሶች የውሃውን ከፍታ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን መጠን፣ በየዓመቱ በፀሐይ የሚተነውን ሳይቀር መዝግበዋል። የሁሉም ጥያቄ ስንት ኪዩቢክ ሜትር ይጠራቀማል የሚል ነበር። በሐይቁ ውስጥ ያለው ዓሣ፣ ዳሩን የያዘው ደንገል፣ በፎገራ ሜዳ ላይ የሚያርፈው ወፍ ግን ሕይወታቸው የተንጠለጠለው ውሃው መቼ በሚመጣበትና የት በሚደርስበት ላይ ነው። በጣና ዙሪያ እስካሁን የደረሰው ጉዳት ከዚህ ክፍተት የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጉማራ ወንዝ ላይ ደግሞ ክፍተቱን ለመዝጋት አሁንም ጊዜ አለ።

ሐሳቡ መሐንዲሶችን ለምን እንዲህ እንደማረከ ለመረዳት የሐይቁን ቅርጽ ማየት ይበቃል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ሜትር፣ እጅግ ጠለቀ ቢባል 14 ሜትር ነው። እንዲህ ባለ ሰፊና ጠፍጣፋ ሐይቅ ላይ አንድ ሜትር ማለት ከ3 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር በላይ ውሃ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በባሕር ዳር በኩል አነስተኛ ግድብ ቢቆም፣ ሌላ ቦታ ገደል የሚያክል ግንብ የሚጠይቀው ውሃ በትንሽ ወጪ ይጠራቀማል። ሱዳን ውስጥ በ1925 የሰናር ግድብ ተጠናቆ የገዚራ የጥጥ እርሻ ሲስፋፋ፣ ለጥጡ የበጋ ውሃ ያስፈልግ ነበርና ዓይኖች ሁሉ ወደ ጣና ዞሩ። ይኸው ቅርጽ ግን የሐይቁን ሕይወት ስስ የሚያደርገው ነው። ዳርቻው ጥልቀት ስለሌለው ውሃው አንድ ሜትር ሲወርድ ብዙ መሬት ይራቆታል፤ የሚራቆተውም ደንገሉ የሚበቅልበት፣ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ የሚራባበት፣ ጉማሬው የሚደበቅበት ቀጭን ዳር ነው። መሐንዲሱ እንደ ማጠራቀሚያ የሚቆጥራት ያቺ አንድ ሜትር ለፍጥረቱ ቤቱ ናት።

የግራብሃምና የብላክ ቡድን በ1920 እና በ1921 ሐይቁን ሲያጠና የመጀመሪያው ጠንካራ የልኬት ሥራ ተሠራ። በ1925 ብሪታንያና ጣልያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ስለ ጣና ግድብና ስለ ባቡር መስመር ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም በሚቀጥለው ዓመት ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። በ1927 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አሜሪካ ድረስ ሄደው ከጄ ጂ ዋይት የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ፤ የኩባንያው ሰዎችም መጥተው ቦታውን አጠኑ። ይህ ሁሉ ድርድር ስለ ሉዓላዊነት፣ ስለ ገንዘብና ስለ ውሃ ነበር። ከኢትዮጵያ በኩል ከተነሡት ሥጋቶች አንዱ ትኩረት ይገባዋል፦ ሐይቁ ከፍ ቢል በደሴቶቹና በዳርቻው ያሉት አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት በውሃ ይጠቃሉ የሚል ነበር። ሥጋቱ ተገቢ ነበር፤ ተሰምቷልም። ቤተ ክርስቲያን ተሟጋች ነበራት። ደንገል አስሮ ታንኳ የሚሠራው፣ ዓሣ የሚያጠምደው፣ በጥንት ጊዜ ጉማሬ ያድን የነበረው የነገደ ወይጦ ሕዝብ ግን በዚያ ድርድር የሚናገርለት አልነበረውም። ስለ ሐይቁ ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው ሐይቁ ምን ይሁን ሲባል አልተጠየቀም። የጣልያን ወረራ የዋይትን ዕቅድ አቋረጠው እንጂ ሐሳቡን አልገደለውም። በ1946 ኸርስት፣ ብላክና ሲማይካ የናይልን ውሃ ለረጅም ዘመን የማጠራቀም ዕቅዳቸውን ሲያሳትሙ ጣና ከዋናዎቹ ማጠራቀሚያዎች አንዱ ነበር። ይህ ብላክ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ጣናን የለካው ሰው ነው። በ1964 የተጠናቀቀው የአሜሪካ የመሬት ማልማት ቢሮ ጥናት ደግሞ በዓባይ ተፋሰስ 33 ፕሮጀክቶችን ሲዘረዝር የጣናን ገባሮች መገጭን፣ ርብንና ጉማራን ጨመረ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ከሐይቁ አፍ አልፎ ወደ ገባሮቹ ወጣ፤ ለዓሣው የባሰውም ይኼ ነው።

የዓሦቹ ምርመራ ከግድቡ ምርመራ ጎን ለጎን የሄደ፣ ግን ሳይገናኝ የኖረ ታሪክ አለው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ከጣና የወሰዳቸውን ዓሦች በስም ለይቶ አሳተመ። በ1937 ጣልያኖች በጆቶ ዳይኔሊ መሪነት ወደ ጣና በላኩት የጥናት ቡድን መነሻነት ቢኒ የተባለው ሊቅ በ1940 ሌሎች ስሞችን ጨመረ። በ1973 ግን ባኒስተር የተባለ ተመራማሪ በገበያ ነጭ ዓሣ የሚባሉትን ትላልቅ ዓሦች ሁሉ ከአንድ ዝርያ ደመራቸው፤ ልዩነታቸው እንደ መልክ መለያየት ብቻ ተቆጠረ። ይህ የፍረጃ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የጣና ልማት ሲታቀድ፣ በሳይንሱ ሰነድ ላይ የነበረው በምሥራቅ አፍሪካ በየወንዙ የሚገኝ አንድ ተራ ዓሣ ነበር። ለአንድ ተራ ዓሣ ማንም ዕቅድ አይለውጥም። በ1990ዎቹ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ናገልከርከና ሲቢንግ ዓሦቹን እንደገና አንድ በአንድ ሲመረምሩ 15 ያህል የተለያዩ፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ዝርያዎች መሆናቸው ታወቀ። ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። የካርፕ ቤተሰብ መንጋጋው ጥርስ አልባ ነው፤ ከዚህ ቤተሰብ ይህን ያህል አዳኝ በአንድ ሐይቅ ውስጥ መፈጠሩ ሊቃውንቱን ያስደነቀ ነገር ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለው የናይል ዓሣ ወደ ጣና እንዳይወጣ ስለከለከለ፣ ጣና የራሱን ፍጥረት ብቻውን አሳደገ።

እነዚህ ዓሦች በሐይቅ ይኖራሉ፤ ቢያንስ ሰባቱ ግን በሐይቅ አይወለዱም። ሐምሌ ሲጋመስ ወንዞቹ ሞልተው ቡናማ ውሃ ወደ ሐይቁ ሲያፈሱ፣ ለመራባት የደረሱት ዓሦች ከጣና መካከል ተነሥተው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በድርማና በሌሎች ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እያንዳንዱ ዝርያ የራሱን ተራ ጠብቆ ሽቅብ ይወጣል፤ ደለል የሞላውን ዋናውን ወንዝ ያልፍና ወደ ትናንሾቹ ገባሮች ይገባል። በጉማራ በኩል እነዚህ ዱካ፣ ዱካሊት፣ ክዝንና ወንዙማ የሚባሉ ጅረቶች ናቸው። እዚያ ውሃው ጉልበት አይደርስም፤ ግን ይሮጣል፣ አየር ይጠጣል፣ ታቹም ንጹሕ ጠጠር ነው። ሴቷ ዕንቁላሏን በጠጠሩ መካከል ትጥላለች። ዕንቁላሉ አየር የሚያገኘው በጠጠሩ መካከል በሚያልፈው ውሃ ነው፤ ደቃቅ ደለል ቢያለብሰው ታፍኖ ይሞታል። የተፈለፈለው ጫጩት ደግሞ ከጅረቱ ወደ ወንዙ ኩሬዎች እየወረደ አድጎ ወደ ሐይቅ መመለስ አለበት። ጅረቱ በጥቅምት ጎድሎ ከደረቀ ወይም ወንዙ በጥር በፓምፕ ተመጥጦ ካለቀ መንገዱ ተቆረጠ። ስለዚህ የዓሣው ልደት አራት ነገሮችን አንድ ላይ ይፈልጋል፦ በወቅቱ የሚመጣ ጎርፍ፣ ያልተዘጋ መንገድ፣ ንጹሕ ጠጠር፣ የመመለሻ ውሃ። አንዱ ከጎደለ የቀሩት ሦስቱ አይጠቅሙም።

አሁን ለመስኖ የሚሠራ ግድብ ምን እንደሚያደርግ እንይ። የመስኖ ግድብ ክረምት ያጠራቅማል፤ በጋ ይለቃል። ዓሣው ጎርፉን በሚጠብቅበት በሐምሌና በነሐሴ ግድቡ ውሃውን ይይዛል፤ ወንዙ በተፈጥሮው ቀጭን መሆን በሚገባው በየካቲት ደግሞ ይለቃል። ወንዙ ተገለበጠ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ጠጠርና አሸዋ ከግድቡ በስተኋላ ይቀራል፤ ከግድቡ የሚወጣው ደለል አልባ ውሃ ከታች ያለውን አልጋ እየሸረሸረ ይወስዳል፤ የሚተካው ጠጠርም አይመጣም። ከእነዚህ የመስኖ ግድቦች አንዱ የሆነው የርብ ግድብ ከፍታው ከ70 ሜትር በላይ፣ የሚይዘው ውሃ 234 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ነው። ግድቡ ሲታቀድ አበበ ጌታሁን፣ እሸቴ ደጀንና ዋሴ አንተነህ የወንዙን ዓሦች ማጥናታቸው ከቀደሙት ዘመናት ሲነጻጸር ትልቅ እርምጃ ነበር፤ በጣና የግድብ ታሪክ ዓሣው ወደ ጠረጴዛው የቀረበው ገና ያኔ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ጥናቱ የመጣው ግድቡ የት እንደሚቆም በ1964ቱ ዕቅድ አስቀድሞ በተመላከተበት ወንዝ ላይ ነው። ወንዙ ከተመረጠ በኋላ የሚጠየቅ ጥናት ጉዳቱን ሊያቀል ይችላል እንጂ ምርጫውን አይለውጥም።

ውሃ በወቅቱ አለመምጣቱ ምን እንደሚያስከትል ጣና ራሱ አሳይቶናል። የጨራ ጨራ ግድብ በ1996 በዓባይ መውጫ ላይ በሁለት በሮች ሥራ ጀመረ፤ በ2001 አምስት በሮች ተጨመሩለት፤ በዚያው ዓመት 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ጨራ ጨራ ትንሽ ነው፤ ብዙ የባሕር ዳር ሰው ግድብ ብሎም አያስበው። ነገር ግን በ1902 የተፈራው፣ በ1927 ሰው ባሕር ተሻግሮ የተነጋገረበት ሐሳብ ይኸው ነው። ዝናብ በቀነሰበት ወቅት ለኃይል ማመንጫ ውሃው ሳይቋረጥ ተለቀቀና በሰኔ 2003 ሐይቁ በተመዘገበ ታሪኩ ወደማያውቀው ዝቅታ ወረደ። መርከቦች ወደቡን መጠጋት ስላቃታቸው የሐይቁ ትራንስፖርት ለወራት ቆመ። ሰፊ የደንገል መሬት ደረቀ፤ በባሕር ሸሹ ላይ ማረሻ ገባ፤ የዓሣ ምርትም ቀነሰ። ደንገሉ ሲጠፋ ነገደ ወይጦው ታንኳ የሚሠራበት ዕቃ ከእጁ ወጣ፤ ጉማሬውም መሸሸጊያውን አጥቶ ወደ ሰው ማሳ ተጠጋ። ይህ የሆነው ሐይቁ ውሃ አልቆበት አልነበረም፤ በሩን የያዘው ሰው የኃይል ፍላጎትን እንጂ የዳርቻውን ወቅት የሚከተል መመሪያ ስላልነበረው ነው። በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ የሐይቁን ውሃ ወደ በለስ መውሰድ ጀመረ። በዚያው ዓመት የዓለም አቀፉ የውሃ አስተዳደር ተቋም ተመራማሪዎች ያወጡት ስሌት፣ የታቀደው ሁሉ ቢሠራ የሐይቁ አማካይ ከፍታ በ0.44 ሜትር ይወርዳል፤ ስፋቱም በአማካይ በ30፣ በአንዳንድ ዓመታት እስከ 81 ካሬ ኪሎ ሜትር ይቀንሳል ይላል። ከ3,000 ላይ 81 ትንሽ ይመስላል። የሚቀነሰው ግን ከመሐሉ አይደለም፤ ሁሉም ከዳር ነው፤ ሕይወቱ የተከማቸውም ዳር ላይ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፦ ዓሣውን ያመናመነው መረብ ነው እንጂ ግድብ አይደለም። እውነት አለው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ጣና ገባ፤ ሐሳቡ ድሃውን አስጋሪ መርዳት ነበር፤ ረድቶታልም። ነገር ግን አስጋሪው ነጭ ዓሣ በብዛት የት እንደሚገኝ ያውቃል፤ በነሐሴ ወንዙ አፍ ላይ ተጨናንቆ ቆሞ ይጠብቀዋል። መረቡ የተጣለው እዚያው ነው። ደ ግራፍና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዐሥር ዓመታት የእነዚህ ዓሦች መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ ወርዷል። ከላይ ደግሞ በጅረቶቹ ላይ መንገዱን በአጥር የሚዘጋ፣ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ውስጥ በመበተን ትልቁንም ትንሹንም በአንድ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰው አለ። ለግንባታ አሸዋና ጠጠር ከወንዙ የሚጭነውም አለ። በ2003 የወጣው የፌዴራል የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 አለ፤ በወንዝ አፍ ላይ ቆሞ የሚያስከብረው ግን እምብዛም አይታይም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ ግን ተቃዋሚው ከሚያስበው ጋር ተቃራኒ ነው። መረብ ያጎደለው መረቡ ሲነሣ ይሞላል፤ ጥቂት የተረፉ ዓሦች አንድ ጥሩ ክረምት ካገኙ ብዙ ዕንቁላል ይጥላሉና። መንገዱን ግንብ ከዘጋው ግን መረቡን ሁሉ ብናቃጥለው የሚተካ ትውልድ የለም። ዓሣው በመረብ መመናመኑ ለግድቡ ማስተባበያ ሊሆን አይችልም፤ የቀሩትን የመራቢያ ወንዞች የበለጠ ውድ ያደርጋቸዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ግድብ ራሱ ዓሣ ያመጣል የሚል ነው። ይህም በከፊል እውነት ነው። በአስዋን ግድብ ኋላ የተፈጠረው ሐይቅ ብዙ ቆሮሶ ሰጥቷል። በዚያው ወንዝ መጨረሻ ግን ግብጽ ከናይል አፍ ፊት ለፊት ከሜዲትራንያን ታወጣው የነበረው ሰርዲን በ1962 ከነበረበት 18,000 ቶን ገደማ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከ1,000 ቶን በታች ወረደ፤ ጎርፉ ይዞት ይመጣ የነበረው ምግብ ስለቀረ ነው። ብዙ ዓመት ቆይቶ የሰርዲኑ ምርት መልሶ ማንሠራራቱን አውቃለሁ፤ ለዚህ ግን የከተሞቹ ፍሳሽና የእርሻው ማዳበሪያ አስተዋጽዖ እንዳደረገ ይታመናል፤ እንደ ማካካሻ የሚያኮራ አይደለም። ሰው ሠራሽ ሐይቅ የሚጠቅመው ለቆመ ውሃ ዓሣ ነው። ቆሮሶና አምባዛ በርብ ግድብ ሐይቅ ሊበዙ ይችላሉ፤ ይበዙ፤ ለሁዳዴ ገበያም ይድረሱ። ነገር ግን ቆሮሶ ከደቡብ እስከ ሰሜን በብዙ ሐይቅ አለ። ጠጠር ፈልጎ ሽቅብ የሚወጣው የጣና ዓሣ የትም የለም። በኪሎ ብቻ የሚመዝን ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ሊያቻችል ይችላል፤ ከአንዱ መጥፋት በኋላ የሌላው መብዛት ያንን ያጠፋነውን ግን አይመልስም።

ቆሮሶና አምባዛም ቢሆኑ ከግድብ ነጻ አይደሉም። እነርሱ የሚራቡት በዳርቻው ሣርና ጎርፍ ባለበሰው ሜዳ ላይ ነው፤ አምባዛ በተለይ ክረምት ሜዳው በውሃ ሲሞላ ወደ ላይ ወጥቶ ዕንቁላሉን ይጥላል። ርብ ከአልጋው ወጥቶ የሚያለብሰው የፎገራ ሜዳ፣ በውስጡም ሸሸርና ወለላ የሚባሉት ረግረጎች፣ የእነዚህ ዓሦች መዋለጃና የወፎች ማረፊያ ነበሩ። ዘውድ መሰል ላባ ያላቸው ጥቁር ክሬኖች እዚያ ይኖራሉ፤ ክረምታቸውን ሽሽት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ግራጫ ክሬኖች በጎደለው ውሃ ዳር ይሰማራሉ። ረግረጎቹ በቦይ እየተጠነፈፉ ለእርሻ ሲውሉ ቆይተዋል፤ ጎርፉ በግድብ ሲያዝ ደግሞ የቀረውን የሚሞላው አይኖርም። ለፎገራ ገበሬ ጎርፍ ጠላት ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ቤት ያፈርሳል፣ ከብት ይወስዳል፣ ግን ደለል ያመጣል፣ ሩዙን ያጠጣል፣ ለፎገራ ከብት የበጋ ሣር ያበቅላል። ጎርፉን በልክ ማድረግና ጭራሽ ማስቀረት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ዕቅዶቹ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱን አንድ አድርገው ጥቅም ብለው ይመዘግቧቸዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሩቅ ታሪክ የሚመጣ ነው። ከሐይቁ ታች የተቆፈረው የደለል መዝገብ ጣና ከ16,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበረ ያሳያል። ያንን ያለፈ ዓሣ ግድብ ያጠፋዋል እንዴ ይባል ይሆናል። ለእኔ ይህ ማስረጃ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። ሐይቁ ሲደርቅ የዓሦቹ አባቶች የቆዩት በወንዞቹ ውስጥ መሆን አለበት፤ ሐይቁ ሲመለስ ከወንዝ ወርደው በአዲሱ ሰፊ ውሃ ወደ ብዙ ዓይነት ተለያዩ። ያኔ መጠጊያ የሆኑት ወንዞች ናቸው ዛሬ የሚገደቡት። ደግሞም የማዕድ ቤቱን እንጂ የልደት ክፍሉን የቀየረ ዓሣ የለም፤ ዛሬም ልጁን የሚያደርሰው ወደ ወንዙ ነው። በድርቅ ዘመን ያዳነውን ወንዝ ከወሰድንበት፣ ሌላ ከባድ ድርቅ ሲመጣ የት ይገባል?

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሰው ችግር ነው። በጣና ዙሪያ ያለው ገበሬ መሬቱ ጠቧል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ዝናብ ጠብቆ ከሚያርስ በበጋም ቢያመርት ልጆቹ አይሰደዱም። የርብ ግድብ ለዚህ የታሰበ ነው፤ የቆጋ ግድብም በ7,000 ሄክታር ላይ ይህንኑ ይሞክራል። ዓሣ ይኑር ብሎ ገበሬውን ድሃ ሁን የሚል ክርክር ተቀባይነት አይገባውም፤ እኔም አላቀርበውም። የማቀርበው፣ የመስኖ ጥቅሙን ሳይነኩ የዓሣውን ወቅት ማክበር የሚቻልበት ሰፊ ቦታ እንዳለ ነው። በተሠሩት ግድቦች ላይ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ከክረምቱ ውሃ የተወሰነው ጎርፍን በሚመስል አለቃቀቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለ ይልቀቅ፤ ክረምት ላይ ውሃ በብዛት ሲገባ ይህ ለገበሬው የበጋ ድርሻ ያን ያህል ከባድ አይሆንም። ጨራ ጨራ ላይ በሮቹ የሐይቁን ዝቅተኛ ልክ በጥብቅ ይጠብቁ። ለዓሣው መውጫ የውሃ መሰላል ይሠራ የሚሉ አሉ፤ ሐሳቡ ቅን ነው፤ ግን እንዲህ ያለ መሰላል የሚሠራው በዝቅተኛ ግድቦች ላይ ነው። ከ70 ሜትር በላይ የሆነውን የርብን ግድብ ቢወጣው እንኳ በላይ የሚያገኘው የቆመ ሐይቅ ነው፤ ጫጩቱም ያንን የቆመ ውሃ አቋርጦ፣ በግድቡ ቧንቧ ወርዶ ወደ ጣና መመለስ አለበት። ስለዚህ እያንዳንዱን ወንዝ በመሰላል ለማዳን ከመድከም አንዱን ወንዝ ሙሉ በሙሉ መተው ይሻላል።

ያ ወንዝ ጉማራ ነው። ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ ለመራባት የሚወጡትን ዓሦች በብዛትም በዓይነትም ያገኙት በዚህ ወንዝና በጅረቶቹ ነው። ግድብ ይሠራበት የሚለው ሐሳብ ከ1964 ጀምሮ በየዕቅዱ እየተገለበጠ እዚህ ደርሷል። ጣና በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ሀገሪቱ ሐይቁንና ፍጥረቱን አብራ ለመጠበቅ ቃል ገብታለች፤ ሐይቁን ጠብቆ ዓሣው የሚወለድበትን ጅረት መዝጋት ከዚያ ቃል ጋር አይሄድም። የጉማራ ገበሬ ድርሻው አይቅር፤ ወንዙን ሳያቋርጥ ወደ ጎን የሚጠለፍ ውሃ አለ፣ የጉድጓድ ውሃ አለ፣ ከሐይቁ በፓምፕ የሚወጣም አለ፤ ዋጋቸው ከግድቡ ጋር በእኩል ሠንጠረዥ ይወዳደር። ማንኛውም የጉማራ ጥናት ሲጀመር ደግሞ ቁፋሮው የሚጀምርበት ነጥብ ከመመረጡ በፊት በዱካ፣ በዱካሊት፣ በክዝንና በወንዙማ ቢያንስ የጥቂት ክረምቶች የዓሣ ቆጠራ ይደረግ፤ የዓሣ ባለሙያውም የግድቡ ቦታ ሲወሰን በስብሰባው ላይ ይቀመጥ እንጂ ውሳኔው ከተፈረመ በኋላ ለማቃለያ አይጠራ።